በወለቃ ጉብኝት ያልተነገረው እርሻ

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው አውራ ጎዳና፥ ከከተማው ብዙ ሳይርቅ፥ ወለቃ ትገኛለች። አስጎብኚዎች «የፈላሻ መንደር» እያሉ ከእስራኤልም ከሌላም አገር የሚመጣውን እንግዳ በእግር ያዞሩባታል። ልጆቻችንም የወላጆቻቸውን አገር ለማየት ሲሄዱ ወደዚያው ይወሰዳሉ፤ ስለዚህ እዚያ የሚነገራቸውን መመርመር ይገባናል።

ጉብኝቱ የሚመሰገንበት ነገር አለው። ጸሎት ቤቱን ያሳያል፤ ሕዝባችን ለመንጻት ሲል ወንዝ አጠገብ ይሰፍር እንደ ነበርም አስጎብኚው በትክክል ሲያስረዳ ሰምተናል። ከዚያ በኋላ ግን እንግዳው የሸክላ ምስል ወደሚሸጥበት ደጅ ይመራና ነገሩ እዚያው ያልቃል። ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ በአንድ አልጋ ተኝተው የሚታዩበት ሸክላ ሳይቀር «ጥንታዊ ባህል» ይባላል። ኦሪት ምስል መቅረጽን የከለከለችው ሕዝብ ይህን ከየት አመጣው ብሎ የሚጠይቅ የለም። እናቶቻችን ምስሉን መሥራት የጀመሩት በ20ኛው መቶ ዘመን ለጎብኚ ገበያ ነው፤ የቆየው ሥራቸው እንስራ፥ ጀበና፥ ምጣድና ድስት ነበረ። ዛሬ በወለቃ ሸክላውን የሚሸጡት በአብዛኛው ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን መሆናቸውም ሊነገር ይገባል። እነርሱን አንወቅስም፤ እንጀራቸው ነው።

የሚያሳዝነን ስለ እርሻ አንድ ቃል እንኳ አለመነገሩ ነው። ስሙን እየጠሩ መሬቱን ይዘሉታል፤ ስሙ ግን ስለ መሬት የሚናገር ነው። በትውፊት እንደሚነገረው በ15ኛው መቶ ዘመን ዐፄ ይስሐቅ ያልተጠመቀ ሰው የአባቱን ርስት እንዳይወርስ፥ ፈላሲም እንዲሆን አወጀ። አባቶቻችን የሰው መሬት እያረሱ፥ ከምርቱ ለባለርስቱ እያካፈሉ ኖሩ፤ አልበቃ ሲላቸውም ብረት ቀጠቀጡ፥ ሸማ ሠሩ። የባለርስቱ ማረሻ ራሱ ከእኛ ወናፍ እሳት የወጣ ነበር። ቀን ማረሻውን ሊያሠራ ደጃችን የሚመጣው ገበሬ፥ ማታ «ቡዳ ነው፥ ጅብ ይሆናል» እያለ ቀጥቃጩን ይፈራዋል። ይህን አስጎብኚው እንደ ተረት እያሳቀ ያልፈዋል። በዚህ ስም ስንቱ ከጎረቤት ተለየ፥ ስንቱስ ተደበደበ!

በ1967 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1975) የወጣው የመሬት አዋጅ ጢሰኝነትን ሻረ፤ ብዙ ቤተሰቦቻችንም የእኛ የሚሉት ማሳ ያዙ። አሥር ዓመት ሳይሞላ ግን፥ እ.ኤ.አ. በ1984፥ ብዙዎች ኢየሩሳሌምን ብለው ያን ማሳ ጥለው በእግር ወደ ሱዳን ወረዱ። በ1991 ደግሞ ሌሎች በአዲስ አበባ በኩል ወጡ። ማሳው የት እንደ ነበረ ያልታየው ልጅ፥ አያቱ ምን ትቶ እንደ መጣ በምን ይወቅ?

መንገዱ ወለቃን አልፎ ወደ ስሜን ሲወጣም ነገሩ ያው ነው። እንግዳው ጭላዳና ዋልያ ይቆጥራል፤ በዐፄ ሠርፀ ድንግል ዘመን ራዳኢ፥ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ጌዴዎን በእነዚያ አምባዎች መዋጋታቸውን የሚነግረው ካገኘ ዕድለኛ ነው። በገደሉ አፋፍ ገብስ የሚያርሰው ሰውም ለፎቶግራፍ ብቻ ይፈለጋል። የግጭ መንደር ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ከፓርኩ ተነሥተው ደባርቅ እንዲሰፍሩ ተደረገ፤ የእግር ተጓዦች ማደሪያ ግን ዛሬም በመንደራቸው ስም ይጠራል።

እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ውጊያ ምክንያት ጉዞው ተቀዛቅዟል። ውድ አንባብያን፥ ይህን ጊዜ ለሥራ እናውለው። በወለቃም ሆነ በሌላ መንደር ያረሳችሁበትን ማሳ ስም፥ የባለርስቱን ድርሻ፥ አውድማው ከጸሎት ቤቱ በየት በኩል እንደ ነበረ የምታስታውሱ አባቶችና እናቶች ለልጆቻችሁ ነግራችሁ አስጽፉና ላኩልን። የመንደሮቹን ካርታ መሥራት ጀምረናል።