የቅብብል ዘፈን በሸክላና በካሴት

ሁለት ሰዎች እየተቀባበሉ የሚያዜሙት የባላገር ዘፈን በአንድ አልበም ተሰብስቦ ሲወጣ፥ በአዳማና ከአዳማ በስተ ደቡብ በተዘረጉት የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ጆሮውን የሚሰጠው ሰው ብዙ ነው። ምክንያቱ ሲጠየቅ ሁለት መልስ ይሰማል። ነጋዴው ሁለት ስም ያለበት አልበም ሁለት ዓይነት ገዢ ያመጣል ይላል። አድማጩ ደግሞ ፍቅር ያለ ሁለት ሰው አይነገርም ይላል። የነጋዴው መልስ ስለ ሽያጭ እንጂ ስለ ዘፈን አይናገርም። የአድማጩም ቢሆን፥ አብዛኛው የኢትዮጵያ የፍቅር ዘፈን በአንድ ሰው ድምፅ ብቻ ተዚሞ ልብ ሲነካ የኖረ ስለ ሆነ፥ ነገሩን አያስረዳም።

መመርመር የሚገባው የዘፈኑ መልስ ነው። የቅብብል ዘፈን የሚሰማ ሰው የመጀመሪያው ዘፋኝ ያለውን ከሰማ በኋላ፥ ሁለተኛው ምን ይመልስ ይሆን እያለ ይጠብቃል። ይህ ጥበቃ ከሸክላና ከካሴት በፊት በመንደር የተለመደ ነው። አልበሙ ጥበቃውን ይዞ ወደ ከተማ ገባ፤ መልሱን ግን አስቀድሞ ወስኖ አስገባ። የአልበሙ ማማርም ሆነ ጉድለቱ የሚመነጨው ከዚሁ ነው።

አዳማ የመንገድ ከተማ ናት። የምድር ባቡሩ ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ በድሬዳዋና በአዋሽ አልፎ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1917 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) አዳማ ከጣቢያዎቹ አንዷ ነበረች። በ1954 የሆላንድ ኩባንያ የወንጂን የስኳር ፋብሪካ ሥራ ሲያስጀምር፥ ከከምባታ፥ ከሐዲያና ከወላይታ ሳይቀር ሠራተኛ ወደ ሸንኮራ አገዳው እርሻ ጎረፈ። ከሞጆ ወደ ደቡብ የሚወርደው ጎዳና ደግሞ መቂን፥ ዛሬ ባቱ የምትባለውን ዝዋይን፥ አርሲ ነገሌንና ሻሸመኔን ከዚሁ ንግድና እንጀራ ፍለጋ ጋር አያይዟቸዋል።

በነዚህ ከተሞች የሚኖረው ሰው ከወላጆቹ መንደር ዜማ ይዞ መጥቷል፤ ተቀባዩን ግን ይዞ አልመጣም። ጌራርሳ የሚያወርድ ወይም በክራር ትዝታ የሚያንጎራጉር ሰው፥ በኪራይ ክፍሉ ውስጥ ብቻውን ቢሆንም ዘፈኑ አይጎድልበትም። የሁለት ረድፍ ዘፈን የሚያውቅ ሰው ግን ማዶ የሚቆምለት ከሌለ ግማሹን ብቻ ይዞ ይቀራል። ሰው ብቻውን ማንጎራጎር ይችላል፤ ብቻውን መቀባበል ግን አይሆንለትም። ስለዚህ ሁለት ድምፅ ያለበት ካሴት ለዚህ ሰው የጎደለውን ረድፍ አቆመለት ማለት ነው። ሙዚቃ ቤቶች ባህላዊ እያሉ ከሚሸጧቸው ዘፈኖች ውስጥ የቅብብሉ ዘፈን ለብቻው የሚፈለግበት አንዱ ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም።

የረድፉ ነገር ዘርዘር ተደርጎ ሊታይ ይገባዋል። በሐረርጌ ኦሮሞ ዘንድ ሸጎዬ በሚባለው ጭፈራ ወጣት ወንዶችና ልጃገረዶች ፊት ለፊት ተሰልፈው፥ አንዱ ወገን ያወጣውን ሌላው ይቀበላል። በኦሮሞ ሰርግ አረብሶ የሚባል የስድብ ዘፈን አለ፤ የሙሽራውና የሙሽራዪቱ ወገኖች እየተፈራረቁ በግጥም ይዘላለፋሉ። ስድቡ በሌላ ቀን ቢነገር የሚያጣላ ሲሆን በዚያ ቀን ግን የተፈቀደ ነው። በአማራው አገርም የሙሽራዪቱ ወገን ሰርገኛውን በር ላይ በዘፈን መከልከሉ ለዚህ የቅርብ ዘመዱ ነው። አዝማሪዎችም ባልና ሚስት ሆነው ሲመጡ፥ ባል ማሲንቆ ይመታል፥ ሚስት ታዜማለች፤ ከታዳሚው መካከል አንዱ «ተቀበል» ብሎ ግጥም ይሰጣል፥ አዝማሪውም ያንኑ በዜማ ያወጣዋል። እዚህ ላይ ሦስት ድምፅ አለ፤ ሦስተኛው ገንዘብ የሚከፍለው ነው።

የነዚህ ሁሉ ጠባይ አንድ ነው፤ መልሱ አስቀድሞ አይታወቅም። ልጃገረዲቱ ታሞግስ እንደ ሆነ ወይም ታሳፍር እንደ ሆነ፥ ከአፏ እስኪወጣ ድረስ የሚያውቅ የለም። የሚመልሰው ሰው ለማሰብ የሚያገኘው ጊዜ ደግሞ ተቀባዮቹ አዝማቹን ደጋግመው እስኪጨርሱ ድረስ ያለው ብቻ ነው። አዝማች ለጆሮ ማሳመሪያ መስሎ ይታያል፤ ዋና ሥራው ግን ለገጣሚው ፋታ መስጠት ነው። ግጥሙ ያልመጣለት እንደ ሆነ አዝማቹ አንድ ዙር ይጨመርለታል፤ ሰሚውም ያን ጭማሪ ሰምቶ የጭንቀቱን ልክ ያውቃል። በሸክላ ላይ አዝማቹ እንደ ጥንቱ ይደጋገማል። በዚያ መካከል የሚያስብ ሰው ግን የለም።

ይህ ለውጥ የመጣው በዘፋኞቹ ስንፍና አይደለም፤ ብዙው ከዕቃው ጠባይ የመጣ ነው። በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞረው ትንሹ ሸክላ በአንድ ፊቱ የሚይዘው ሦስት አራት ደቂቃ ያህል ነው። ፊሊፕስም ሆነ አቶ አምሃ እሸቴ በ1969 ያቋቋሙት አምሃ ሬከርድስ ዘፈን ሲያሳትሙ በዚህ ልክ መቁረጥ ነበረባቸው። ሲቀባበሉ ያመሹ የነበሩ ረድፎች በዚህ ጊዜ ውስጥ ቢበዛ ሁለት ሦስት ጊዜ ቢመላለሱ ነው። ከዚያ በኋላ ካሴት መጣ፤ በ1970ዎቹም መጨረሻ ሸክላን ከገበያ አስወጣው። ካሴት 60 ደቂቃ ይይዛል፥ በባትሪ ይሠራል፥ ከአንዱ ወደ ሌላው ይገለበጣል፤ አልበም የሚባለውን ነገር በየመንደሩ ያስገባው እርሱ ነው። ከ1974ቱ ለውጥ በኋላ የታወጀው የሰዓት እላፊ ገደብ ለብዙ ዓመታት ጸንቶ ስለ ቆየ፥ በሌሊት ይደረግ የነበረው ጨዋታ ወደ ቤት ውስጥ ገባ፤ ጎረቤት ለጎረቤት መቀባበል ባልተቻለበት ምሽት የሚቀባበሉት ከካሴቱ ውስጥ ያሉት ሁለቱ ሆኑ። ጊዜው ሲረዝም ግን መልሱ ነጻ አልወጣም። አንዱ ሰዓት ለአሥር ዘፈኖች ተከፋፈለ፤ እያንዳንዱም አጭር ሆኖ ቀረ።

ነገሩ ከውጭ አገር ጋር ሲነጻጸር ይበልጥ ይገለጣል። በአሜሪካ የባላገር ዘፈን የሁለት ሰው አልበም የቆየ ልማድ ነው። ኤቨርሊ የተባሉት ወንድማማቾች በ1958 ከአባታቸው የተማሯቸውን የጥንት ዘፈኖች በአንድ አልበም አወጡ፤ ከ55 ዓመት በኋላ በ2013 ኖራ ጆንስና ቢሊ ጆ አርምስትሮንግ ያንኑ አልበም እንደ ገና ተጫወቱት። ፖርተር ዋጎነርና ዶሊ ፓርተን ከ1967 እስከ 1974 አብረው ሠሩ፤ ዶሊ ፓርተን በ1983 ከኬኒ ሮጀርስ ጋር ያወጣችው ዘፈን ደግሞ በኢትዮጵያ ከተሞችም የታወቀ ነው። ኬኒ ሮጀርስ በኢትዮጵያ ያገኘው ፍቅር ራሱን የቻለ ጥናት የሚፈልግ ነገር ነው። በነዚህ ዘፈኖች ውስጥ ሁለቱ ድምፆች ተራ በተራ ቢገቡም፥ የሚደነቁት አንድ ላይ ሲሆኑ ነው። አንዱ ዜማውን ይይዛል፥ ሌላው በዚያው ቃል ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ሌላ ዜማ ይዞ ይሄዳል፤ ሰሚውን የሚማርከው የሁለቱ ስምም መሆን ነው።

የኢትዮጵያ የባላገር ዜማ ግን በዚህ መንገድ አልተሠራም። ሁለቱ አንድ ላይ ሲያዜሙ የሚይዙት አንድ ዜማ ነው። ከዚህም የተነሣ ተራ የሚመስል፥ ነገር ግን ብዙ የሚያስረዳ ችግር ይመጣል። የወንድና የሴት ድምፅ የሚራራቀው ከአንድ ኦክታቭ በሚያንስ መጠን ስለ ሆነ፥ ለአንዱ የሚመቸው ከፍታ ለሌላው አይመችም። አሜሪካኖቹ ለእያንዳንዱ የየራሱን ዜማ በመስጠት ከዚህ ይገላገላሉ። እዚህ ግን ወይ ወንዱ ጉሮሮው እስኪጠብ ድረስ ወደ ላይ ይወጣል፥ ወይም ሴቲቱ ድምፅዋ እስኪጎረንን ድረስ ትወርዳለች። ሠለጠነ የሚባለው ጆሮ ይህን ጉድለት ይለዋል። የባላገር ዘፈን ወዳጅ ግን የወንዱን መጨነቅ እንደ ልመና፥ የሴቲቱን መጎርነን እንደ ቁጣ ይሰማዋል፤ ስሜቱም ከግጥሙ ጋር ሲገጥምለት ዘፈኑ እውነት ይሆንበታል። አንዳንድ አቀናባሪዎች ተራው ከወንድ ወደ ሴት በተላለፈ ቁጥር ኪቦርዱን ከፍ ዝቅ እያደረጉ ለሁለቱም ያመቻቻሉ። በዚህ ብልሃት የሚገኘው ምቾት ትንሽ ነው፤ የሚጠፋው ግን ብዙ ነው፤ መልሱ ከጥያቄው ጋር በአንድ መሬት ላይ መቆሙ ይቀራል።

ከሁሉ ይልቅ ሊጤን የሚገባው የሴቲቱ ነገር ነው። ዝዋይ፥ አርሲ ነገሌና ሻሸመኔ ያሉበት አገር የአርሲ ኦሮሞ አገር ነው። በአርሲ ዘንድ ያገባች ሴት ሲንቄ የሚባለውን በትር ትይዛለች። ባል ወይም ሌላ ሰው ሴትን የበደለ እንደ ሆነ ሴቶቹ ሲንቄያቸውን ይዘው፥ የአቴቴን ዜማ እያዜሙ በአንድነት ይወጣሉ፤ በዳዩ ጥፋቱን አምኖ ዕርቅ እስኪወርድ ድረስም አይመለሱም። እንግዲህ በዚህ አገር የሴት ዘፈን ሙገሳና ናፍቆት ብቻ አልነበረም፤ እንደ ችሎት የሚያስፈርድ ኃይል ነበረው። ኃይሉም የመጣው ከብዛታቸውና አንድ ላይ ከመቆማቸው ነው። በሸጎዬውም ረድፍ ልጃገረዲቱ የምትመልሰው ጓደኞቿን ከጎኗ አሰልፋ ነው፤ ብትሰድብም ስድቡ የረድፉ ነው።

በአልበሙ ላይ ያለችው ሴት ግን ብቻዋን ናት። ከኋላዋ የሚቀበሉ ድምፆች ቢኖሩም ለእርሷ የቆሙ አይደሉም፤ ለወንዱም ለእርሷም በእኩል ይቀበላሉ። ግጥሙንም ለሁለቱም የጻፈው ብዙውን ጊዜ አንድ ሰው ነው፤ ያም ሰው አብዛኛውን ጊዜ ወንድ ነው። ይህ ከሆነ ወንዱ ራሱ ጠይቆ ራሱ መለሰ ማለት ነው። ውጤቱም በብዙ ዘፈኖች ላይ ይታያል፤ ሴቲቱ በመጀመሪያው ተራዋ ትኮራለች፥ በሁለተኛው ታመነታለች፥ በሦስተኛው ትስማማለች። ሰሚው ይህን መንገድ ገና ዘፈኑ ሲጀምር ያውቀዋል። ቅብብሉ አለ፤ ክርክሩ ግን የለም።

ይህ ሁሉ ቢባልም ጥሩ ዘፋኝ ከተጻፈላት ግጥም በላይ መሥራት ትችላለች። ወንዱ ቃሉን ሳይጨርስ በአፉ ላይ የምትገባ፥ ወይም ተራዋ ሲደርስ ጥቂት ዘግይታ ሁሉን የምታስጠብቅ፥ ወይም የስምምነቱን ስንኝ ሣቅ ባለበት ድምፅ የምታወጣ ሴት፥ ገጣሚው የዘጋውን በር እንደ ገና ትከፍተዋለች። ደጋግመው የሚሰሙት አልበሞች እንዲህ ያለ ነገር ያለባቸው ናቸው፤ ግጥማቸው ተራ የሆነ እንኳ ቢሆን። በአንጻሩ ግጥሙ የተዋጣለት፥ ሁለቱ ዘፋኞች ግን ለየብቻቸው ገብተው የተቀዱበት ሥራ፥ ሁለት ደብዳቤዎች አንድ ላይ እንደ ተነበቡ ሆኖ ይሰማል።

ሁለት ወንዶች በአንድ አልበም ሲመጡ ነገሩ ይለወጣል። ጎሳዬ ተስፋዬና አለማየሁ ሂርጶ በጋራ ያወጡት «ኢቫንጋዲ» ስሙን የወሰደው ወጣት ወንዶችና ልጃገረዶች በምሽት ከሚገናኙበት ከሐመር ጭፈራ ነው። በሽፋኑ ላይ ያለው የሁለት ወንዶች ስም ሆኖ፥ መጠሪያው ግን የወንድና የሴት ረድፍ የሚገናኝበትን ምሽት ማስታወሱ፥ ገበያው ሳይቀር የረድፉን ናፍቆት እንደሚያውቅ ያሳያል።

የቋንቋም ነገር አለ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በድሬዳዋ በተቋቋመው በአፍረን ቀሎ ጓድ ውስጥ ያደጉት፥ በ2022ም በአዳማ ያረፉት ዓሊ ቢራ፥ በኦሮምኛ፥ በአማርኛ፥ በሐረሪ፥ በሶማሊኛና በዓረብኛ ዘፍነዋል። በርሳቸው ዘንድ አንድ አፍ ብዙ ቋንቋ ይዞ ነበር። ሁለት አፍ በሁለት ቋንቋ የሚቀባበልበት አልበም ግን ከዚህ ሌላ ነገር ነው። በአዳማ ገበያ ሻጭ በኦሮምኛ ጠርቶ ገዢ በአማርኛ ሲከራከር፥ ሁለቱም ሳይተረጎምላቸው ሲግባቡ ማየት የየዕለት ነገር ነው። በ2007 እንግሊዛዊው የሮክ ዘፋኝ ሮበርት ፕላንትና የአሜሪካ ባላገር ዘፈን አዜማዋ አሊሰን ክራውስ ያወጡት አልበም የተደነቀው፥ በ2009ም የዓመቱ አልበም ተብሎ የግራሚን ሽልማት ያገኘው፥ በብዙ ነገር የማይመሳሰሉ ሁለት ድምፆችን ስላገናኘ ጭምር ነው። በስምጥ ሸለቆ ከተሞች እንዲህ ያለው አለመመሳሰል በደጅ ተርፎ ሳለ፥ የቅብብል አልበም አዘጋጆች አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም ዘፋኞች በአንድ ቋንቋ፥ በአንድ አገር ልብስና በአንድ ዓይነት ጭፈራ ያቆሟቸዋል። ለሽያጭ ይቀላል፤ ለከተማው ጆሮ ግን ከሚያውቀው ያነሰ ነው።

በሰርግ ድንኳን ውስጥ ድምፅ ማጉያው ተከፍቶ የታወቀ የቅብብል ዘፈን ሲለቀቅ፥ ወንዶቹ ከዘፋኙ ጋር፥ ሴቶቹም ከዘፋኟ ጋር ያዜማሉ። አልፎ አልፎ ግን አንዲት ደፋር ሴት የአልበሙን መልስ ትታ ለዚያ ሰርግ የሚስማማ፥ ምናልባትም የሙሽራውን ሚዜ የሚነካ ስንኝ ከራስዋ ታስገባለች፤ ሣቁ ሲነሣ የካሴቱ መልስ ሳይሰማ ያልፋል። ዘፈን ለመሰብሰብ ወደ እነዚህ ከተሞች የሚወጣ ተማሪ መቅጃውን መክፈት የሚገባው በዚያን ጊዜ ነው። ከግጥሙ ጋር አብሮ መጻፍ ያለበትም፥ ማን እንዳወጣው፥ ማን እንደ መለሰ፥ አዝማቹ ስንት ጊዜ እንደ ተደገመ፥ የተነካውም ሚዜ መልስ አግኝቶ እንደ ሆነ ወይም ዝም ብሎ እንደ ቀረ ነው።