እመቤቲቱና ደራሲዋ፤ በሲግሪድ ኡንድሴት ሥራዎች ላይ የቀረበ ሂስ

ኖርዌያዊቷ ደራሲ ሲግሪድ ኡንድሴት በ1949 በሊሌሃመር ከተማ ካረፈች ወዲህ ስለ እርሷ የሚጻፈው ብዙው መታሰቢያ በሦስት ቃላት ዙሪያ የሚሽከረከር ነው፤ እናት፣ ምእመን፣ ደራሲ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሦስቱም እውነት ናቸው። ስድስት ልጆች የነበሩበትን ቤት አስተዳድራለች፤ ሉተራዊት በሆነች አገር የካቶሊክን እምነት ተቀብላ እስከ ዕለተ ሞቷ ጸንታለች፤ የኖቤልን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ከተቀበሉት ሴቶችም በ1928 ሦስተኛዋ ሆናለች። ይሁን እንጂ ሦስቱ ቃላት ጎን ለጎን ሲደረደሩ፣ በግድግዳ ላይ እንደ ተሰቀለ የቤተሰብ ፎቶግራፍ ሁሉ ነገር የሰከነና የተስማማ ይመስላል። ድርሰቶቿን በጥሞና ለሚያነብ ሰው ግን እናትነቱ ከእምነቱ፣ እምነቱም ከብዕሩ ጋር ያለ ትግል የተስማሙበትን ገጽ ማግኘት ያስቸግረዋል።

የሕይወት ታሪኳ በአጭሩ የሚከተለው ነው። በ1882 በዴንማርክ ካሉንድቦርግ ተወለደች፤ ያደገችው ግን በዚያን ጊዜ ክሪስቲያኒያ ትባል በነበረችው በዛሬዋ ኦስሎ ነው። አባቷ ኢንግቫልድ ኡንድሴት የታወቀ የጥንታዊ ቅርሶች ተመራማሪ ነበር፤ ያለፈ ዘመን ሰዎች እንደ ጎረቤት ሊታወቁ እንደሚችሉ ለልጁ ያሳያት እርሱ ነው። በ1893 ሲሞት እርሷ የ11 ዓመት ልጅ ነበረች። እናቷ ከሦስት ሴት ልጆች ጋር በችግር ላይ በመውደቋ፣ ሲግሪድ ገና በ16 ዓመቷ በአንድ የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ድርጅት በጸሐፊነት ተቀጥራ 10 ዓመት ያህል ሠርታለች። በመካከለኛው ዘመን ታሪክ ላይ የተመሠረተውን የመጀመሪያ ድርሰቷን ለአሳታሚ ብታቀርብ ተቀባይነት አላገኘም፤ ዳግመኛ ታሪካዊ ልቦለድ እንዳትሞክርም ተመከረች። ምክሩን ለጥቂት ዓመታት ብቻ መስማቷ ለሥነ ጽሑፍ በጀ። በ1907 እና በ1911 ያወጣቻቸው «ወይዘሮ ማርታ ኡሊየ» እና «ዬኒ» የተሰኙ ልቦለዶች በራሷ ዘመን ስለነበሩ ሴቶች ፍቅርና ውድቀት የሚናገሩ ናቸው። በ1912 ሠዓሊውን አንደርስ ካስቱስ ስቫርስታድን አገባች። እርሱ ከመጀመሪያ ሚስቱ የወለዳቸው ሦስት ልጆች ነበሩት፤ ሦስት ደግሞ ተጨመሩ፤ ከእነዚህም መካከል ሴቷ ልጅ ከሕፃንነቷ ጀምሮ በጽኑ ሕመም የምትሠቃይ ነበረች። በ1919 ደራሲዋ ልጆቿን ይዛ ወደ ሊሌሃመር ተሻገረች፤ ትዳሩም ከዚያ በኋላ አልተጠገነም።

ኡንድሴት በዚሁ በ1919 ስለ ሴቶች የጻፈቻቸውን መጣጥፎች ሰብስባ «የአንዲት ሴት አመለካከት» በሚል ርእስ አሳተመች። በእነዚህ መጣጥፎች በዘመኑ የነበረውን የሴቶች እንቅስቃሴ አጥብቃ ትነቅፋለች፤ እንቅስቃሴው ለሴት የደመወዝ ሥራን ሲሻ ቤትንና እናትነትን አቃሏል ትላለች፤ ለሴት ልጅ ከእናትነት የሚበልጥ ሥራ የለም ብላም ትሟገታለች። ይህን የምትለው ሴት ከ16 ዓመቷ ጀምሮ እንጀራዋን በራሷ ጥረት ያገኘች፣ በዚያን ሰዓትም ያለ ባል እርዳታ ቤት የምታስተዳድር፣ ልጆቿ ከተኙ በኋላ ሌሊቱን በጽሕፈት የምታነጋ ሴት ናት። ተቃዋሚዎቿ ይህን ግጭት ግብዝነት ቢሉት አያስደንቅም። ነገሩ ግን ከግብዝነት የሰፋ ነው። መጣጥፏ ዘግቶት የሄደውን ጥያቄ ልቦለዷ በቀጣዩ ዓመት እንደገና ከፍቶታልና።

ልቦለዱ «ክሪስቲን የላቭራንስ ልጅ» ነው፤ በሦስት ቅጾች፣ ማለትም «አክሊሉ» በ1920፣ «እመቤቲቱ» በ1921፣ «መስቀሉ» በ1922 ታትሟል። መቼቱ የ14ኛው ክፍለ ዘመን ኖርዌይ ነው። ክሪስቲን በጉድብራንድስዳል ሸለቆ የዮሩንድጎርድ ባለ ርስት የላቭራንስ ልጅ ናት። አባቷ ለታማኙ ለሲሞን አጭቷት ሳለ፣ ኦስሎ በሚገኝ የደናግል ገዳም በተቀመጠችበት ወቅት ስሙ የጎደፈውን ባላባት ኤርሌንድን ትወዳለች፤ የአባቷን ቃልም ታስፈርሳለች። በሠርጓ ዕለት የክብር ምልክት የሆነውን የወርቅ አክሊል ደፍታ ስትቀመጥ በማኅፀኗ ልጅ አለ። ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ አንድ ጥሩ የፍቅር ልቦለድ በሆነ ነበር። ኡንድሴት ግን ከዚህ በኋላ ሁለት ረጃጅም ቅጾች ትጽፋለች።

ከሦስቱ ቅጾች ሁሉ የላቀው ሁለተኛው ነው። ክሪስቲን ወደ ባሏ ርስት ወደ ሁሳቢ ስትደርስ የሚጠብቃት ግቢ አስተዳዳሪ አጥቶ የኖረ፣ ንብረቱ የባከነ፣ ሎሌው እንደ ፈቀደው የሚያድርበት ነው። እርጉዝ ሆና ሳለ ጽዳቱን፣ ጎተራውን፣ ጠመቃውን፣ ሽመናውን፣ የከብቱን ነገር አንድ በአንድ ትይዛለች። ደራሲዋ ይህን ስትተርክ አትቸኩልም። ቤትን የሚያቆመው ሥራ በየቀኑ ፈርሶ በየቀኑ የሚሠራ መሆኑን፣ የሚሠራውም ሰው ስም እንደማያገኝበት ታውቃለች፤ ይህ ዕውቀት ከቤተ መጻሕፍት የተገኘ ብቻ አይመስልም። የበኩር ልጇ ምጥም እንዲሁ ነው። ቀናት የሚፈጀው ሕመም፣ በዙሪያዋ የተሰበሰቡት ሴቶች፣ በጓዳና በአዳራሽ የሚሰማው ሹክሹክታ ያለ አንዳች መሸፋፈን ቀርበዋል። ከዚያ በኋላ ሕፃኑን አዝላ በባዶ እግሯ ወደ ኒዳሮስ ትጓዛለች፤ ያን የሠርግ አክሊልም ለቅዱስ ኦላቭ መቃብር ትሰጣለች። ይህን ክፍል ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ስለት፣ የንስሐ አባት፣ የአባት ርስት የሚሉት ቃላት ሌላው አንባቢ የግርጌ ማስታወሻ የሚሻባቸውን ገጾች በቀላሉ ያሻግሩታል።

እንግዲህ መጣጥፏ ያወደሰችው እናት ክሪስቲን ትሆን? ሰባት ወንዶች ልጆች አሳድጋለች፤ ትጾማለች፤ ትጸልያለች፤ ቤቷ የተደራጀ ነው። ሆኖም ደራሲዋ ይህችን ሴት ሰላም አትሰጣትም። ክሪስቲን ይቅር የማለትን ቃል ታውቃለች፤ መርሳትን ግን አታውቅበትም። የባሏን ጥፋት ሁሉ በልቧ መዝገብ ይዛ ትኖራለች። ኤርሌንድ በንጉሡ ላይ በተጠነሰሰ ሤራ ገብቶ ሁሳቢን ከተወረሰ በኋላ ቤተሰቡ ወደ ዮሩንድጎርድ ይመለሳል፤ እዚያም ስለ ልጆቿ የወደፊት ዕጣ ስትሟገት በአባቷ ወንበር ለመቀመጥ እንደማይገባው ትነግረዋለች። እርሱም ቤቱን ጥሎ ይሄዳል። የእናት ፍቅር ትዳርን ሲያፈርስ በዚህ መጠን በግልጽ የተጻፈበት ልቦለድ እምብዛም አይገኝም። ልጆቹም ያድጋሉ፤ ከመካከላቸው ጋውተ ሚስት ያመጣል፤ የቤቱ ሥልጣን ቀስ በቀስ ወደ ምራቷ ይሻገራል። በገዛ ቤቷ እንግዳ መሆኗን የተረዳችበት ክፍል ጩኸት የሌለበት ነው፤ ምራቲቱ ክፉ ሰው አለመሆኗም ሕመሙን ያከብደዋል። መጣጥፉ እናትነትን መድረሻ አድርጎት ነበር። ልቦለዱ እናትነት ራሱ የሚያልቅ ሥራ መሆኑን ያሳያል፤ ከተጨቃጫቂዋ ጸሐፊም የበለጠ እውነተኛይቱ ይህችኛዋ ናት።

እምነቷንም በሚመለከት መጽሐፉ ስብከት ነው የሚሉ አሉ። አንድ የዘመን ጉዳይ ልብ ሊባል ይገባል። ኡንድሴት የካቶሊክን እምነት የተቀበለችው በኅዳር መባቻ 1924፣ የሥላሴ ልቦለዱ የመጨረሻ ቅጽ ከወጣ ሁለት ዓመት ያህል በኋላ ነው። ሕዝቡ ሁሉ ማለት በሚቻል ሁኔታ ሉተራዊ በሆነበት አገር ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ስቫርስታድ ቀድሞ ያገባና የፈታ በመሆኑ ትዳሯም በቤተ ክርስቲያኒቱ ዘንድ እንዳልነበረ ተቆጠረ። ስለዚህ ያን የመካከለኛው ዘመን ምእመናን ዓለም የገነባችው ገና ከደጅ ቆማ በምትጠይቅበት ጊዜ ነው፤ በመጽሐፉ ውስጥ እምነት መልስ ያላገኘ ሙግት የሚመስለውም ስለዚህ ይሆናል። ክሪስቲን የታመመውን የሲሞንን ልጅ ለማዳን በሌሊት ወደ መቃብር ወርዳ አፈር ከነሣሩ ቆርጣ ታመጣለች፤ ቤተ ክርስቲያን የምትከለክለውን አሮጌ ልማድ እያወቀች ትፈጽማለች። ስብከት የሚጽፍ ሰው እንዲህ ያለ ትዕይንት አይጨምርም፤ ቢጨምርም በቅጣት ይዘጋዋል።

ፍጻሜው በ1349 ወደ ኖርዌይ በገባው ጥቁር ሞት ላይ ይደርሳል። በሬን ገዳም የተጠጋችው ክሪስቲን፣ ወረርሽኙን ለመመለስ ሲሉ ሕፃን ከነነፍሱ ሊቀብሩ የተነሡ ሰዎችን ትጋፈጣለች፤ ማንም የማይነካውን የአንዲት ድኻ ሬሳ ተሸክማ ታወጣለች፤ ከዚያም በሽታው ይይዛታል። የጋብቻ ቀለበቷን አውልቃ ስትሰጥ፣ በቀለበቱ ላይ የተቀረጸው የማርያም ስም መነሻ ፊደል በጣቷ ቆዳ ላይ ታትሞ ትመለከታለች። ምልክቱን የተወው ለብዙ ዓመታት በጠብና በበደል የተሞላ ትዳር ቀለበት ነው። የመጽሐፉ እምነት በዚህች አነስተኛ ዕቃ ውስጥ ከማንኛውም ረጅም ንግግር ይልቅ ተገልጧል።

ጉድለት የለባትም ማለት አይቻልም። የኤርሌንድን ሤራ የሚመለከተው ክፍል በዘር ሐረግና በቤተ መንግሥት ሽኩቻ የተጨናነቀ ነው። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ ዓለሙ ከባለ ርስት ሰገነት ላይ የሚታይ መሆኑ ነው፤ ሎሌዎቹና ገረዶቹ ይሠራሉ፣ ያማሉ፣ ይሞታሉ፣ ውስጣቸው ግን እምብዛም አይከፈትልንም። የተለየ የሚባለው ከሕግ ውጭ የተወለደው የኤርሌንድ ዘመድ ኡልፍ ነው፤ እርሱም ቢሆን ደም ስላለው ይመስላል። በ1929 እና በ1930 ካቶሊክ ስለሚሆን አንድ የዘመኗ ሰው የጻፈቻቸው ሁለት ልቦለዶች ደግሞ ተቺዎቿ የሚሉትን በከፊል ያረጋግጣሉ። ገጸ ባሕርያቱ ተቀምጠው ይከራከራሉ፤ አንባቢው ማን እንደሚረታ አስቀድሞ ያውቃል። ጥያቄዋ መልስ ባገኘ ጊዜ ብዕሯ ደንዝዟል። በ1932 የወጣው «ኢዳ ኤሊዛቤት» ግን ወደ ቤት ውስጥ ትግል ስለሚመለስ ኃይሉን መልሶ ያገኛል።

በኑሮዋ ያደረገችው ከንግግሯ ጋር የተስማማ ነበር ለማለት ይቻላል። የኖቤሉን ገንዘብ ለራሷ አላስቀረችም፤ ከፊሉን የአካልና የአእምሮ ጉዳት ያለባቸውን ልጆች በቤታቸው ለሚያሳድጉ ቤተሰቦች መርጃ አዋለችው። የናዚን ሥርዓት ገና በ1930ዎቹ ስለ ተቃወመች መጻሕፍቷ በጀርመን ታገዱ። በ1939 ታማሚዋ ልጇ ሞተች። በ1940 መጀመሪያ የኖቤል ሜዳልያዋን ለፊንላንድ እርዳታ ሰጠች፤ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ወር ታላቁ ልጇ አንደርስ ወራሪውን የጀርመን ጦር ሲከላከል ወደቀ። እርሷ በስዊድን፣ በሶቪየት ኅብረትና በጃፓን በኩል ወደ አሜሪካ ተሰደደች፤ በ1945 ወደ አገሯ ተመለሰች። መቃብሯ በሜስናሊ መንደር ከሁለቱ ልጆቿ ጋር ነው። ቢየርኬቤክ የተባለው ቤቷ ዛሬ ቤተ መዘክር ሆኗል።

በ1995 ሊቭ ኡልማን ይህን ልቦለድ ወደ ፊልም ስትለውጥ የወሰደችው የመጀመሪያውን ቅጽ ብቻ ነበር። የፊልም ርዝመት ምርጫውን ያስገደደ ይሆናል። በዚያ ፊልም ክሪስቲንን ያወቀ ተመልካች ወጣቷን አፍቃሪ እንጂ የሁሳቢን ጓዳ የምታጸዳውን፣ ከባሏ ጋር የምትቋሰለውን፣ ቤቷን ለምራቷ ለቃ የምትወጣውን ሴት አላያትም።