ከማሞዝ ዋሻ እስከ ኩልፎ

ማንኛውም የጥበብ ሥራ ከበቀለበት ምድርና ከሚገለገልበት ሕዝብ ተነጥሎ አይመዘንም። በኢንተርኔት ብራውዘር አማካይነት ዳግም ሕይወት ያገኙት የቀድሞ የኮምፒዩተር ጀብዱ ጨዋታዎችም በዚሁ ሚዛን ሊታዩ ይገባቸዋል።

የዘርፉን ፈር ቀዳጅ ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1976 የፈጠረው አሜሪካዊው ዊል ክራውዘር፣ የኬንታኪን ማሞዝ ዋሻ በእግሩ ዞሮ ያጠና ሰው ነበር፤ የጻፈውም ለሴቶች ልጆቹ ነው። ሥዕል የለው፣ ድምፅ የለው፤ ተጫዋቹ «ሰሜን ሂድ»፣ «ፋኖስ ያዝ» እያለ በቃል ይጓዛል። ውበቱም እዚህ ላይ ነው፤ ጨለማውን የሚሞላው የተጫዋቹ ምናብ ነውና።

ኢንተርኔት አርካይቭ የተባለው ቤተ መዛግብት እ.ኤ.አ. በ2015 መባቻ ከ2,000 በላይ የዱሮ ጨዋታዎችን፣ የቀድሞውን ኮምፒዩተር አሠራር በሚያስመስል ፕሮግራም፣ በብራውዘር አቀረበ። ቅርስን ከጥፋት ማዳን ነውና ይመሰገናል። ይሁን እንጂ በይበልጥ የዳነው ቅርፁ ነው። ቀድሞ ጓደኛሞችን ለሳምንታት ያከራክር የነበረው እንቆቅልሽ ዛሬ መልሱ በቀላሉ ይገኛል፤ ድካሙ ሲቀር ደስታውም ይሳሳል።

በእኛ ባህል «እንቆቅልሽ» ሲባል «ምን አውቅልህ» ብሎ የተቀበለ፣ መልሱ ከጠፋው አገር ይሰጣል። መልስ ዋጋ አለው፤ ዋጋውንም የሚያስከብረው በዙሪያው የተቀመጠው ሰው ነው።

ስለሆነም በኩልፎ ወንዝ ዳር የሚያድግ ወጣት የባዕድ ዋሻን ቢጎበኝ ነውር የለበትም። የክራውዘር ዋና ትምህርት ግን የገዛ ምድርን አጥንቶ፣ እንቆቅልሽ አድርጎ፣ ለልጅ ማውረስ ነው። አርባው ምንጭ፣ ነጭ ሣር፣ በአባያና በጫሞ መካከል የተዘረጋው የእግዜር ድልድይ ደራሲያቸውን ይጠብቃሉ። የሌላውን ትዝታ መዋስ ብቻውን ጥበብ አይሆንም፤ የመምህሩና የከያኒው ተግባር ለነገ ትዝታ የሚሆነውን ዛሬ መፍጠር ነው።