ሕፃናትን በተዳፋት ፊዚክስ ስለማስተማር፦ የ4ቱ መመዘኛዎች ግምገማ

ሕፃናትን ፊዚክስ ማስተማር ሕግ ማስጠናት አለመሆኑ ዛሬ በብዙዎች ዘንድ የታመነበት ነው። ይሁን እንጂ ይህ እምነት በክፍል ውስጥ በሥራ ሲተረጐም ምን መልክ እንደሚይዝ መመርመር ያሻል።

ኮንስታንስ ካሚ እና ሬታ ዴቭሪስ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ የፒያዤን ጽንሰ ሐሳብ መሠረት በማድረግ፣ ለሕፃናት የሚመረጥ የፊዚክስ ተግባር 4 መመዘኛዎችን እንዲያሟላ ይጠይቃሉ። እነዚህም ሕፃኑ እንቅስቃሴውን በገዛ ድርጊቱ ማስገኘቱ፣ ድርጊቱን መለዋወጥ መቻሉ፣ ውጤቱ በዓይን መታየቱ እና ወዲያው መከተሉ ናቸው። ዴቭሪስ ከክርስቲና ሴልስ ጋር በ2011 ያሳተሙት መጽሐፍ ደግሞ ይህንኑ አስተሳሰብ ቦይ ባለው ጣውላና በብይ በሚሠራ ተዳፋት ላይ ያውለዋል።

የመመዘኛዎቹ ጠቀሜታ ጎልቶ የሚታየው የተለመደውን ሠርቶ ማሳያ ስንመዝንባቸው ነው። መምህሩ ጣውላውን ራሱ አዘንብሎ፣ ብዩን ራሱ ለቆ፣ «ተዳፋቱ ሲጨምር ፍጥነቱ ይጨምራል» ብሎ በሰሌዳ ላይ ቢጽፍ የሚሟሉት የመጨረሻዎቹ 2 ብቻ ናቸው። ሕፃኑ ተመልካች ሆኖ ይቀራል።

በአንጻሩም መመዘኛዎቹ አንድ ጉድለት አለባቸው፤ ይኸውም መለዋወጥን እንጂ ማነጻጸርን አይጠይቁም። ሕፃኑ የብርጭቆውን ብይ በብረት ብይ ሲተካ የጣውላውንም ከፍታ ቢጨምር፣ ፍጥነቱ ከክብደት የመጣ ሊመስለው ይችላል። መጠናቸው እኩል የሆነ የብርጭቆና የብረት ብይ ግን ከአንድ ከፍታ ሲለቀቁ ከሞላ ጎደል እኩል ይደርሳሉ። ወደኋላ የሚቀረው ውስጡ ባዶ የሆነ ኳስ ነው፤ ቁስ አካሉ ከመሐል ርቆ በዳር ስለሚገኝ ለማሽከርከር ይከብዳልና።

የመምህሩ ጥያቄ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው፦ «ሁለቱን ከአንድ ከፍታ ብትለቋቸውስ?» ይህን በወቅቱ ለመጠየቅ የሚችለው ግን አስቀድሞ በእጁ ሞክሮ ያየ መምህር ብቻ ነው። ስለዚህ በማሠልጠኛ ተቋማት እያንዳንዱ ሠልጣኝ ተዳፋቱን ራሱ ሊገነባ ይገባል።

ዕቅድ አውጪዎችም ቢሆኑ ለአንድ ትምህርት ቤት አንድ የሠርቶ ማሳያ መሣሪያ ከመመደብ ይልቅ፣ ለእያንዳንዱ የሕፃናት ቡድን ለሁለት ተሰንጥቆ አንጓው ከውስጥ የተፋቀ ቀርከሃና ጥቂት ብይ እንዲደርስ ቢያደርጉ ይመረጣል። መሣሪያው በጠረጴዛው ላይ የቆመ እንደሆነ ትምህርቱ የመምህሩ ነው፤ በሕፃኑ እጅ የገባ እንደሆነ ግን የሕፃኑ ይሆናል።