«እርምጃ ተወሰደ»፦ ማን ወሰደ?

ዛሬ የማነሳው ሁላችንም ስለምንናገረው አንድ አባባል ነው።

ባለፈው ተርም የ8ኛ ክፍል ተማሪዎቼን «ስለ ቤተሰባችሁ አንድ ገጽ ጻፉ» ብያቸው ነበር። አንዱ ልጅ «በ1970 ዓ.ም. በአያቴ ላይ አብዮታዊ እርምጃ ተወሰደ» ብሎ ጻፈ። ጠርቼ «ምን ማለት ነው?» አልኩት። «ቲቸር፣ እቤት እንደዚህ ነው የሚሉት» አለኝ። «እሺ፣ ማን ነው እርምጃ የወሰደው? ምንስ አደረጉት?» ስለው ዝም አለ። ቆይቶ በቀስታ «ገደሉት» አለ።

ልጁ አልዋሸም። ግን ልብ በሉ፣ ገዳዮቹ ለሥራቸው ያወጡትን ስም ዛሬ የሟቹ የልጅ ልጅ ይጽፈዋል።

ሰዋስው ስናስተምር «ገደለ» አድራጊ፣ «ተገደለ» ተደራጊ ግስ ነው እንላለን። ተደራጊው ግስ ገዳዩን ይሰውራል፤ ቢሆንም «ተገደለ» ውስጥ ቢያንስ ሬሳው አለ። «እርምጃ ተወሰደ» ሲባል ግን ገዳይም የለ፣ ሬሳም የለ።

ደርግ ሁልጊዜ ይደብቅ ነበር ማለቴ አይደለም። ሚያዝያ 9 ቀን 1969 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በአብዮት አደባባይ ቀይ ፈሳሽ የሞላባቸውን ጠርሙሶች ሰብሯል። «ቀይ ሽብር» የሚለው ስምም በይፋ የሚፎከርበት ነበር። ሽብር ለአደባባይ መፈክር ይሆናል፤ በየቀበሌው ለሚፈጸመው ግድያ ግን «ነፃ እርምጃ» የሚል ለስለስ ያለ ቃል ተገኘለት። ፍርድ ቤት ሳይቀርብ ሰው ግደሉ ማለት ነበር። በግልጽ «ያለ ፍርድ ግደሉ» ቢባል ምናልባት አንዳንዱ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ደርግ በ1983 ዓ.ም. ሲወድቅ ቃሉ አብሮት አልወደቀም። ዛሬም በዜና «በፀረ ሰላም ኃይሎች ላይ እርምጃ ተወሰደ» ሲባል እንሰማለን። መንግሥትን የሚወጉ ታጣቂዎችም ያንኑ ቃል ይጠቀሙበታል። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በትግራይ የተጀመረውም ነገር በመንግሥት በኩል «ሕግ የማስከበር ዘመቻ» ነበር የተባለው። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት እስኪፈረም ድረስ ሁለት ዓመት የፈጀ ጦርነት ሆነ።

እንግሊዛዊው ደራሲ ጆርጅ ኦርዌል በ1946 እ.ኤ.አ. ስለዚህ ዓይነቱ የፖለቲካ ቋንቋ ጽፏል። ከሰጣቸው ምክሮች አንዱ በተቻለ መጠን በአድራጊ ግስ ጻፉ የሚል ነው። ጥሩ ምክር ነው፤ ለእኛ ግን ብቻውን አይበቃም። «ሠራዊቱ እርምጃ ወሰደ» ብንል ግሱ አድራጊ ሆነ፤ የሞተው ሰው ግን አሁንም አልታየም።

ደግሞ ሩቅ አንሂድ። እዚሁ ካምፕ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ «ራሽን ተስተካክሏል» ተብሎ ሲለጠፍ እናቶች «ተቀነሰ ማለት ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። እኛ መምህራንስ? «ተማሪው ከትምህርት ገበታ ተሰናበተ» ብለን እንጽፋለን። ያሰናበትነው እኮ እኛው ነን!

ነገሩ የቋንቋ ጨዋታ ብቻ አይደለም። አንድ ሰው ለኬዙ ኢንተርቪው ቀርቦ «እርምጃ ተወሰደብን» ቢል አስተርጓሚው ቃል በቃል ያስተላልፈዋል። ጠያቂው ድብደባ ይሁን፣ እስራት ይሁን፣ ግድያ ይሁን በምን ያውቃል? ያ ሰው የደረሰበትን ሁሉ ተሸክሞ ገብቶ ሳይናገረው ይወጣል። ሐዘኑ ስላልወጣለት ዝም የሚል ሰው ይከበር፤ ዝምታው የራሱ ነው። የበዳዩን ቃል መናገር ግን ዝምታም አይደለም፣ ምስክርነትም አይደለም።

ስለዚህ መምህራን፣ እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ስታገኙ ተማሪዎቻችሁን ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ማን? ማንን? ምን አደረገ? ተማሪዎችም እኛን ጠይቁን።

ያ ልጅ እናቱን ጠይቆ በማግስቱ ወረቀቱን መለሰልኝ። እንዲህ ይላል፦ «አያቴን የቀበሌው አብዮት ጠባቂዎች ማታ ከቤት ወስደው በጥይት ገደሉት። አናጢ ነበር።»

ቸር ይግጠመን።