የቮልስ የበር ፓኔል፦ ጥሩ ሥራ በምን ይታወቃል?

የቮልስ የበር ፓኔል የበሩን ላሜራ ከውስጥ በኩል የሚሸፍን ቀጭን ፋይዚት ነው። ፊቱ ሰው ሠራሽ ቆዳ ይለብሳል፤ ጠርዙን ተከትለው የተደረደሩ የብረት ክሊፖች ደግሞ ከበሩ ቀዳዳዎች ጋር ያያይዙታል። የመኪናዋ ምርት ሜክሲኮ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2003 ስላበቃ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ታድሰውና ተሻሽለው የሚነዱ ቮልሶች ፓኔል ብዙውን ጊዜ እዚሁ ታፒሰሪ ቤት የተሠራ ነው። ዓይን ቀድሞ የሚያርፈው በቆዳው ቀለምና በስፌቱ ላይ ቢሆንም፣ ሥራው መመዘን ያለበት በሩ ፓኔል ከለበሰ በኋላ በሚሰጠው አገልግሎት ነው።

የመጀመሪያው ምርመራ በሩ ተዘግቶ ይደረጋል። ከውስጥ ተቀምጦ የበሩን ፓኔል የስፌት መስመር ወደ ኋላ ወንበር ጎን ፓኔል በዓይን መከተል ነው፤ መስመሩ ሳይሰበር መቀጠል አለበት። በአሮጌ ቮልስ ማጠፊያው ስለሚበላ በሩ ወደ ታች ያዘነብላል። ባለሙያ ማጠፊያውን አስጠግኖና የበሩን ጎማ አስገጥሞ ሲያበቃ ነው ፋይዚቱን የሚቆርጠው። ባዘነበለ በር ላይ ተለክቶ የተቆረጠ ፓኔል በሩ የተስተካከለ ዕለት መስመሩ ይዛነፋል፤ ይህን ደግሞ ምንም ስፌት አይሸፍነውም።

ከሁሉ የሚከብደው የውኃ ጉዳይ ነው። በመስታወቱ ላይ የሚወርድ ዝናብ የተወሰነው ወደ በሩ ሆድ መግባቱ አይቀርም፤ በሩም የተሠራው ይህ ውኃ ከሥሩ ባሉት ቀዳዳዎች እንዲወጣ ተደርጎ ነው። ስለዚህ በላሜራውና በፓኔሉ መካከል ዙሪያውን በደንብ የተጣበቀ ላስቲክ ሊኖር ይገባል። ላስቲኩ ከሌለ ፋይዚቱ ውኃ ይጠጣል፣ ያብጣል፣ ይጣመማል፤ ክሊፖቹም ተራ በተራ ይለቃሉ። በበጋ ያማረ ሥራ በአንድ ክረምት የሚበላሸው በዚህ ምክንያት ነው። ፈተናው ቀላል ነው፦ መስታወቱን ዘግቶ አንድ ጆግ ውኃ ከውጭ ማፍሰስ፣ ጥቂት ቆይቶ የፓኔሉን የታች ጠርዝና ምንጣፉን በእጅ መዳሰስ። ውኃው በበሩ ሥር ወደ ውጭ መንጠባጠብ፣ ውስጡ ግን ደረቅ መሆን አለበት።

ክሊፖቹ በአውራ ጣት ይፈተናሉ። በሁለት ክሊፖች መካከል ሲጫኑት የሚሰምጥ ወይም ቀጭ የሚል ፓኔል ቀዳዳዎቹ በትክክል አልተለኩም። የተበላ ቀዳዳን በመጠገን ፈንታ በቆዳው ፊት ላይ ቪቴ መምታት ደግሞ ግልጽ ስንፍና ነው፤ ቪቴው ከረዘመም መስታወቱን ወይም የቁልፉን ዘንግ ሊነካ ይችላል። የእጅ መደገፊያው ግን በቪቴ መታሰሩ ትክክል ነው።

ማሻሻያ ሲጨመር ስህተት የሚበዛው በውፍረት ላይ ነው። ፓኔሉ ደልደል እንዲል ከቆዳው ሥር ስፖንጅ ይነጠፋል፤ ስፖንጁ ሲበዛ የመስታወት ማንሻው እጀታ ጥርሱን በሙሉ አይነክስም። እጀታውን አንድ ዙር አዙሮ ቆዳውን ማየት ይበቃል፦ ክብ የመፋቅ ምልክት ካለ ፓኔሉ ወፍሯል። ስፒከር የተገጠመ እንደሆነ መስታወቱ እስከ መጨረሻው መውረድ አለበት፤ ግማሽ ላይ ከቆመ የስፒከሩ ማግኔት መንገዱን ዘግቶታል። ስፒከሩ በፋይዚቱ ላይ ብቻ ከታሰረ ሙዚቃው ከፍ ሲል ፓኔሉ ይንዘፈዘፋል። ክብደቱን ላሜራው ወይም ከጀርባ የገባ ጠንካራ ቀለበት መሸከም ይኖርበታል። ከበሩ ወደ መኪናው አካል የሚያልፈው ሽቦም ላሜራው እንዳይቆርጠው በጎማ መሸፈን አለበት።

የፓኔሉን ጀርባ ለማየት የሚፈቅድ ባለሙያ ሲገኝ ዕድሉን መጠቀም ይገባል። ቆዳው ወደ ኋላ በሰፊው ታጥፎ በማስቲሽ መያዝ አለበት፤ ጠርዝ ላይ ብቻ የተለጠፈው ፀሐይ ሲመታው ከመስታወቱ ሥር መነሳት ይጀምራል። ማዕዘኖቹ ላይ ትርፉ ቆዳ በመቀስ ካልተቀነሰ እጥፋቱ ይቆለልና ፓኔሉ ላሜራው ላይ አይተኛም። ተነቅሎ ሲመለስም ክሊፖቹ ያለ መዶሻ በእጅ ግፊት ብቻ ወደየቀዳዳቸው መግባት አለባቸው።