የአንድ ቀን ጉብኝት በሒስ ሚዛን፤ ከዲማ እስከ ሰባራ ድልድይ

የአንድ ሕዝብ ታሪክ በመጻሕፍት ብቻ ተጽፎ አይገኝም። በድንጋይ ተጠርቦ፣ በግድግዳ ተሥሎ፣ በድልድይ ቅስት ቆሞ ይገኛል። ስለሆነም ቅርስን ለተመልካች የሚያቀርብ ሰው ሥራው ከተውኔት አዘጋጅ ሥራ የራቀ አይደለም። ምን እንደሚታይ፣ በምን ቅደም ተከተል እንደሚታይና ምን እንደሚነገር የሚወስነው እርሱ ነውና። የጉብኝት መርሐ ግብርም እንደ ማንኛውም የኪነ ጥበብ ዝግጅት በይዘቱና በቅርጹ ሊመዘን ይገባዋል።

ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በደብረ ወርቅ በኩል ሞጣ የሚደርሰው መንገድ ለዚህ ምዘና ጥሩ አብነት ነው። በዚህ መስመር የአንድ ቀን ጉብኝት ሲነደፍ ማለዳ ዲማ ጊዮርጊስ፣ ረፋድ ላይ ደብረ ወርቅ ማርያም፣ ከቀትር በኋላ መርጡለ ማርያም፣ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ደግሞ ሞጣ ይሰለፋሉ። ቁጥሩ ያስደስታል፤ ይሁን እንጂ ቅርጹ ይዘቱን ይውጠዋል። ተመልካቹ ዘውድ፣ መስቀልና የብራና መጽሐፍ አይቶ ይመለሳል። እነዚህን ያፈራው ኑሮ ግን ሳይታየው ይቀራል።

ዲማን ለአማርኛ አንባቢ ያስተዋወቀው ሐዲስ ዓለማየሁ ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» የዲማን ደብር ከባላባቱ ግቢ፣ ከቅኔው ትምህርትና ከገበሬው ግብር ጋር አያይዞ አሳይቷል። በዛብህ ከመንኩሳ ገበሬ ቤት ወጥቶ በትምህርቱ ከፊታውራሪ መሸሻ ደጅ ይደርሳል፤ የዘር አጥር ግን ያግደዋል። ገበሬዎቹም ያልተለመደ ግብር ሲጠየቁ እምቢ ይላሉ። ደራሲው በአንድ ሥፍራ ላይ የሚጋጩ ኃይሎችን በአንድነት ስላቀረበ ሥፍራው ሕይወት አገኘ። ጉብኝቱ ግን ደብሩን ከዚህ ሁሉ ነጥሎ እንደ ዕቃ ግምጃ ቤት ያቀርበዋል። የቅኔ መምህሩና የቆሎ ተማሪው ዛሬም የዚህ ምድር የኪነት ምንጭ ሲሆኑ በመርሐ ግብሩ ውስጥ ቦታ የላቸውም። ቅኔ ደግሞ የሚሰማ እንጂ የሚታይ ቅርስ አይደለም።

በመርጡለ ማርያም ያለው ጉድለት የባሰ ነው። ትውፊት የደብሩን ጥንት ወደ አብርሃና አጽብሓ ዘመን ይመልሰዋል። በ16ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ላይ እቴጌ እሌኒ በዚያ ታላቅ ቤተ ክርስቲያን አሠርታ ነበር። ያ ሕንጻ በግራኝ አህመድ ጦርነት ጠፋ፤ በሱስንዮስ ዘመን የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህናት በቦታው እንደገና ገነቡ። ዛሬ የቆመው ፍርስራሽ የአበባና የሐረግ ጌጥ የተጠረበበት ድንጋይ ይዟል። ጎብኚው ግን «ጥንታዊ ነው» ከሚል አንድ ቃል በቀር አይሰማም። እሌኒ የሐድያ ባላባት ልጅ፣ ከእስላም ቤት የወጣች ንግሥት ነበረች። የዚህ ደብር ድንጋይ የብዙ ወገን እጅ ያረፈበት መሆኑን አለመናገር ቅርሱን ማሳነስ ነው።

ይህ ዝምታ ጉዳት የሌለው ዝምታ አይደለም። ሞጣ የተቆረቆረችው የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወለተ እስራኤል በ18ኛው ምዕተ ዓመት ባቋቋመችው በጊዮርጊስ ደብር ዙሪያ ነው። በዚያችው ከተማ በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. መስጊዶች ተቃጠሉ። የአገሩን ታሪክ በአንድ ወገን ብቻ ሲተረክ የሰማ ወጣት፣ የጎረቤቱን ቅርስ እንደራሱ አድርጎ ይጠብቅ ዘንድ ከወዴት ይማር?

ከሞጣ ቁልቁል ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ መንገደኛ ሰባራ ድልድይን ያገኛል። በ17ኛው ምዕተ ዓመት፣ በፋሲል ዘመን የተሠራው ይህ ድልድይ ጎጃምን ከበጌምድር ያገናኝ ነበር። በጣሊያን ወረራ ዘመን ቅስቱ ተቆረጠ። ከዚያ በኋላ በሁለቱ ዳርቻ ያሉ ሰዎች እርስ በርሳቸው በገመድ እየተሳሳቡ ለአሥርታት ተሻግረዋል። በልማድ «የፖርቱጋሎች ድልድይ» ይባላል። ሆኖም ፋሲል ኢየሱሳውያንን ያባረረ ንጉሥ ነው፤ ድንጋዩን የጠረበውና የተሸከመው ደግሞ የአገሩ ሰው ነው። ስያሜው ይህን ድካም ይሸፍነዋል። ይህን ድልድይ ለማየት ወርዶ መውጣት ስለሚያስፈልግ የአንድ ቀን መርሐ ግብር ብዙ ጊዜ ይዘለዋል። ከሁሉ ይልቅ የሰፊውን ሕዝብ ታሪክ የያዘው ቅርስ እንዲህ ከዝርዝሩ ይወጣል።

ጎብኚው ያለው ጊዜ አንድ ቀን ብቻ ነው የሚል መከራከሪያ ይቀርብ ይሆናል። መከራከሪያው እውነትነት አለው፤ መምህሩም፣ ሠራተኛውም፣ ተማሪውም ከአንድ ቀን በላይ ላይኖራቸው ይችላል። ነገር ግን ጥሩ አጭር ልብ ወለድ የረጅም ልብ ወለድ ማጠቃለያ አይደለም፤ አንዲት ክስተት መርጦ በጥልቀት ያሳያል። የአንድ ቀን ጉብኝትም ሁለት ሥፍራ ይምረጥ፤ ከጠዋት በዲማ ቅኔ ይሰማ፣ ከሰዓት በመርጡለ ማርያም ድንጋዩን ይመርምር። በሌላ ቀን ደግሞ ከሞጣ ተነሥቶ ድልድዩን ብቻ ይይ። አስጎብኚውም የነገሥታቱን ስም ሲጠራ ጠራቢውን፣ ሠዓሊውንና ግብር ከፋዩን ገበሬ አይርሳ።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልሉ የተቀሰቀሰው ግጭት የጎብኚውን እግር አሳጥሯል። መንገዱ ሰላም ሲያገኝ የቀድሞው ዝርዝር እንዳለ ከተመለሰ፣ ትርፉ የመኪና ጉዞ ብቻ ይሆናል። መምህራን፣ የባህል ሠራተኞችና አርቲስቶች መርሐ ግብሩን ከአሁኑ ተወያይተው ቢያርሙት ግን፣ ከደጀን ወደ ሞጣ የሚጓዝ ሰው አገሩን አልፎት ሳይሆን አውቆት ይመለሳል።